ሞጣ ሞልቷል፣ ቢቸና ሞልቷል

ትናንት ማክሰኞ፣ ቢቸና። ቀኑን ሙሉ ካፊያ ነበር። ቤት ውስጥ የነበርነው ታላቅ ወንድሜና እኔ ብቻ ነን።

ወንድሜ በሬያችንን ሸጦ አዲስ የመጣ ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ሊገዛ ተነሥቷል። «ምን ያስፈራሻል? ሞጣ እንዳለ ገብቶበታል!» አለኝ።

ከዚህም ከዚያም በቃረምኳት እውቀት ገንዘቡ የሚንቀሳቀስባቸው ኮምፒውተሮች የት የት እንዳሉ በስልኬ ፈለግኩ። የተገኙት ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ያሉት አንድ የውጭ ከተማ ውስጥ ነው።

«የአንቺ ስልክ ሞጣን የት ያውቃታል?» ብሎ ሣቀብኝ።

ሞጣ ላሉት አክስታችን የስልኬን ድምፅ ከፍቼ ደወልኩ።

«ኧረ እዚህ ማንም አልገባበትም! ቢቸና በገዢ ሞልቷል ሲሉን እኛም ልንከተል ነበር» አሉ።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። «ሳልገዛ ገብቻለሁ ብዬ ሞጣ ያስወራሁት እኔው ነኝ።»

ዛሬ ጠዋት በሬው እዚሁ ነው። ውሃ አጠጣሁት፣ በረቱን ጠረግኩ፣ ተመልሼ ተኛሁ። ደክሞኛል።

በእናንተስ አገር «እነ እገሌ ገብተዋል» ሲባል ደውሎ ያጣራ አለ? ምን ተባላችሁ?