የግል አስጎብኚው የቀን ዋጋ

ስሙ ደሞዝ ነው እንጂ ደሞዝ የሚባል ነገር በልቶ አያውቅም። ዕድሜውን የጨረሰው በጣና ላይ እንግዳ ሲያመላልስ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይበላል፣ ሲጠፋ ይጾማል። ባሕር ዳር ውስጥ አስጎብኚ ሞልቷል፤ ወደቡ ላይ ተራ ይዞ የመጣውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ጀልባ የሚጭን። ደሞዝ ግን የግል ነው። የግል ማለት እንግዲህ ጀልባውም፣ እሱም፣ ቀኑም ለአንድ ተከራይ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ሌላ ሰው አይሳፈርም። ዋጋውም ታዲያ ከቡድኑ እጥፍ ድርብ ነው። «ውድ ነህ» ሲሉት ፈገግ ይልና፣ «እኔ ዋጋ የምጠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ የእናንተ ነው» ይላል። ይህችን ንግግሩን ይወዳታል። በጀልባ የሚኬድበት የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ደግሞ፣ የትኛው ሰማዕት በየትኛው ፈረስ እንደተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። እንግዶቹም ወደዱት፤ አገራቸው ከገቡ በኋላ እንኳ ስልኩን ለወዳጆቻቸው ይሰጡለት ነበር።

ቤቱ ከከተማዋ ጫፍ፣ ሰባታሚት ነው። ሚስቱ ታንጉት የተማሪ የደንብ ልብስ እየሰፋች ቤቱን ትደግፋለች። ታዲያ ብታምኑም ባታምኑም፣ ይቺ የአስጎብኚ ሚስት አንድም ቀን የባሏ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ትለዋለች እየሳቀች። «ለመሆኑ ለእኔ የቀን ዋጋህ ስንት ነው?»

«ላንቺማ በነፃ ነው።»

«በነፃ የተባለ ነገር መቼ ደርሶ ያውቃል? ቁርጡን ንገረኝና ልክፈልህ።»

ይስቃሉ። ከዚያ ስልኩ ይጠራል፤ እንግዳ ነው፤ ደሞዝ ይሄዳል። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ ግን ደሞዝን ቀጋ ማለት ግፍ ነው። ቤቱንም ይወድ ነበር። ብቻ ቤቱ የትም አይሄድብኝም ብሎ ያስብ ነበር።

አንድ ነገር ግን ታንጉት ልብ ውስጥ ቀርቷል። አንዲት ልጅ ነው ያለቻቸው፣ ሊድያ። ሊድያ ሕፃን ሳለች ታማ ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ታንጉት ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ዣንጥላ ተሳለች። ልጅቱ ተነሣች። ታንጉትም ቀይ ከፋይ ገዝታ፣ ዣንጥላውን ራሷ አልብሳ፣ ዘርፉን በእጇ ዙሪያውን ሰፍታ ጨረሰች። ስለት እንግዲህ በገዛ እግር ሄደው፣ እልል ብለው ነው የሚያስገቡት። የየካቲትን ኪዳነ ምሕረት ስትጠብቅ ደሞዝ መጣና፣ «እኔ በየቀኑ እዚያው አይደለሁ እንዴ? ከሕፃን ጋር ምን አንከራተተሽ? ስሄድ አደርስልሻለሁ» አላት። ማሰቡ ነበር። ክፋት የለበትም።

በማግሥቱ ደጃፉ ላይ ዣንጥላውን ገልበጥ አድርጋ ውስጡን እያሳየች የሆነ ነገር ስትነግረው፣ እሱ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ ከአንድ እንግዳ ጋር ዋጋ ይነጋገር ነበር። «እሺ፣ እሺ» አላትና ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። ዑራ ሲደርስ፣ እንግዶቹ ጫማቸውን እስኪያወልቁ፣ ለዕቃ ጠባቂው ለአባ ወልደ ሐዋርያት በሩ ላይ ሰጣቸውና ወደ ሥዕሉ ገባ።

ማታ «አደረስሁልሽ» አላት።

«እልል አልህልኝ?»

«እንግዳ ይዤ እንዴት እልል እላለሁ?»

ታንጉት አኩርፋ ሰነበተች። ከዚያ «ስለቴን በመልእክተኛ ላክሁት፤ እመቤቴ ትታዘበኛለች» ብላ ተወችው። አልተወችውም እንጂ። ከዚያ ወዲህ «አንድ ቀን ወስደህ ዣንጥላዬን አሳየኝ» ማለት ልማዷ ሆነ። ደሞዝም «እንግዳው ጋብ ይበል» ይላል። ሊድያ አድጋ፣ ተምራ፣ አዲስ አበባ ሥራ እስክትይዝ ድረስ እንግዳው ጋብ አላለም።

በኋላማ ጋብ አለ፤ ያውም ጭልጥ ብሎ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ባሕር ዳር ሰው በስልክ ብቻ የሚጠይቃት ከተማ ሆነች። ጀልባዎቹ እንደታሰሩ ቀለማቸው ተላጠ። ደሞዝ በየማለዳው ሸሚዙን ተኩሶ ወደቡ ላይ ይቆምና ባዶ እጁን ይመለሳል። ለካ አሁን ቀኑ ሁሉ የታንጉት ነበር፤ ግን ለነዳጅ የሚሆን ከየት ይምጣ። እንዲያ ሲሉ ታንጉትን ስኳር ያዛት። መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ቀጥሎ በሩቅ ሰው መለየት ተሳናት። የዓይን ሐኪሙ፣ «አዲስ አበባ ቶሎ ካልታከመች ብርሃኗ ይሄዳል» አለ። የሕክምናውን ዋጋ ሲሰሙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

«እንግዲህ ሳይጨልምብኝ ዣንጥላዬን አሳየኝ» አለችው። «ሌላ አልጠይቅህም።»

«የየካቲት ኪዳነ ምሕረት እወስድሻለሁ» አላት። ማለላት። የድሮ ጀልባ ነጂውን መስዑድን ለመነው፤ መስዑድም «ለእታለም ለታንጉት ከሆነማ ነዳጁን ብቻ ቻል» አለ።

የበዓሉ ዋዜማ ታንጉት ነጭ ቀሚሷን አጥባ አስጥታ፣ ደጅ ተቀምጣ ሳለ ስልኩ ጠራ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ አንድ እንግዳ መጥቷል፤ ለነገ ቀኑን ሙሉ የግል አስጎብኚ ይፈልጋል። ደሞዝ ዋጋውን ጠራ። ሰውየው አልተከራከረም። ደሞዝ ስልኩን ዘግቶ ታንጉት አጠገብ ቁጭ አለ።

«የሐኪሙ ገንዘብ መጣ» አላት። «ሊድያም የቻለችውን ትጨምርበታለች። ግን ነገ ነው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ? ጀልባው አሥር ሰው ይይዛል። ከኋላ ከመስዑድ አጠገብ እቀመጣለሁ። ትንፍሽ አልልም።»

«የግል ነው እኮ ታንጉት። ሰውየው ለብቻው ከፍሎ፣ እኔ ሚስቴን ጭኜ ብመጣ ምን ይለኛል?»

ይቺ «ምን ይለኛል» የምትባል ነገር ስንቱን ቤት እንዳፈረሰች! ታንጉት አልተከራከረችም። «ከተሳላሚው ጋር በሌላ ጀልባ ሂጂ» ቢላትም፣ «አንድ ጊዜ በሰው እጅ ልኬዋለሁ፤ አሁን ካንተ ጋር ነው የምሄደው» አለችውና ቀሚሷን ከገመዱ ላይ በዳሰሳ አውርዳ አጠፈችው።

እንግዳው ሸምገል ያለ፣ ፊቱን ፀሐይ የላጠው ቀጭን ሰው ነው። ጀልባው ከወደቡ ራቅ እንዳለ፣ «እኔም እንዳንተው ነበርሁ» አለ። በአገሩ በረዶ በሚጋገርበት ተራራ ላይ፣ እግራቸው ላይ ረጃጅም ጠፍጣፋ ነገር አስረው ቁልቁል የሚንሸራተቱ ሰዎችን ሲመራ ነው የኖረው። ስኪ ይሉታል። ደሞዝ የሙያ ወንድም በማግኘቱ ደስ አለው፤ ዋጋ እንዴት እንደሚጠሩ ጠየቀው።

«በቀን ነው» አለ ሰውየው። «ለብቻህ ብትመጣም፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ ብትመጡም ያው ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚመጣ ሰው ያናድደኝ ነበር። ቀኑ እንደሆን ተከፍሎበታል፤ ሚስትህን አምጣ፣ ልጆችህን አምጣ እለው ነበር።»

ቀጥሎ ባዶዎቹን ወንበሮች ዞር ብሎ አየና፣ «አንተ ሚስት አለችህ?» አለ።

«አለችኝ።»

«ዛሬ በዓል ነው አልኸኝ። እሷስ የት ዋለች?»

«ቤት» አለ ደሞዝ።

«ብታመጣት እኮ ደስ ይለኝ ነበር። ቦታው ባዶ ነው።»

ከኋላ መስዑድ ሞተሩን የያዘ መስሎ አቀረቀረ። ደሞዝ ከዚያ በኋላ ስለ ፔሊካኑ፣ ስለ ገዳሙ፣ ስለ ሥዕሉ የተናገረውን ሁሉ አፉ ነው የተናገረው። ዑራ ላይ ምእመኑ ዣንጥላ ዘርግቶ እልል ሲል እንግዳውን ቶሎ ብሎ ወደ ውስጥ አስገባ። ዞር ብሎ ማየት እንኳ አልቻለም።

ሰውየው ያለውን ከፈለ፤ ጉርሻም ጨመረ። ሊድያ እናቷን አዲስ አበባ አስመጥታ አሳከመች። ሐኪሞቹ መርፌውንም ወጓት፣ ጨረሩንም አደረጉላት፤ ግን «ዘግይታችኋል» አሉ። ከፋሲካ በኋላ ታንጉት ስትመለስ ደሞዝ መናኸሪያ ቆሞ እጁን አውለበለበላት። እሷ ከአውቶብሱ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ሌላ ወገን አዙራ፣ «ደሞዝ መጥቷል?» ብላ ረዳቱን ስትጠይቅ ሰማት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ግንቦት ላይ ወሰዳት። ጀልባው ላይ እነሱና መስዑድ ብቻ ነበሩ። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። ከጀልባ መውረጃው እስከ ዑራ ባለው የድንጋይ መንገድ እጇን ይዞ፣ «ይኼ ቡና ነው፣ ይኼ የሎሚ ዛፍ ነው፣ እዚህ ጋ ድንጋዩ ከፍ ይላል» እያለ መራት። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከሥዕሉ ፊት አቁሞ ለፈረንጅ የሚነግረውን ሁሉ ነገራት። ፈረሱን ነገራት፣ ጦሩን ነገራት፣ የእመቤታችንን የልብስ ቀለም ነገራት። ታንጉት አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠችው።

«ይኼን ሁሉ ነው ለሰው ስትነግር የኖርኸው?» አለችው። «ደስ ይላል። አሁን ዣንጥላዬን አሳየኝ።»

አባ ወልደ ሐዋርያት አርጅተዋል፤ ግን ዕቃ ቤቱን ከፈቱላቸው። ደሞዝ በሩ ላይ ቆመ። ዣንጥላው ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ጣሪያው ተደራርቧል። ቀዩ ብቻ ስንት ነው! የስንት እናት ስለት ነው!

«የትኛው ነው፣ ልጄ?» አሉት አባ።

ያን ሁሉ ሰማዕት በፈረሱ የሚለይ ሰው፣ የሚስቱን ዣንጥላ አያውቀውም። ብብቱ ሥር ይዞት ሄዷል እንጂ አላየውም። ዘርፍ ያለበት አንድ ቀይ ከፋይ አነሣ። «ይኸው» አለና እጇ ላይ አደረገላት።

ታንጉት ከፋዩን ዳሰሰች። ጣቶቿን ከውስጥ በኩል በጠርዙ ላይ ቀስ እያደረገች ዙሪያውን ወሰደቻቸው፤ ጨርሳ እንደገና ዞረች። ከዚያ ዣንጥላውን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ «እሱ ነው» አለች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ እልል አለች። አባም «ስለትሽን ትቀበልሽ» ብለው መረቋት። ደሞዝ ተመስገን ብሎ ተነፈሰ።

ወደቡ ላይ ሲወርዱ ከመቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈታች። ውስጡ የታጠፈ ብር አለ።

«ሒሳብህን ተቀበል።»

«ተይ እንጂ ታንጉት።»

«የግል አይደለህ? ቀኑ የኔ ነበር፤ ደኅና አድርገህ አስጎብኝተኸኛል። ተቀበል።»

መስዑድ እያየ ነው። ተቀበላትና ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ቤት እንደገቡ ሊድያ ደወለች። ደሞዝ ደጅ ወጥቶ አነሣው፤ ሁሉ ነገር መልካም እንደሆነ፣ ዣንጥላውን እንዳገኙት ነገራት።

«ውይ አባዬ፣ በጣም ደስ አለኝ» አለች ሊድያ። «ቁልፏስ አለች? እማዬ ነግራሃለች አይደል፣ ሐኪም ቤት የገባሁ ቀን የለበስኩትን ቀሚስ ቁልፍ ከውስጥ በኩል ጠርዙ ላይ ሰፍታበታለች። ሌላው ዣንጥላ መሃል ቢገባ እንኳ በእጄ አውቀዋለሁ ትል ነበር። አገኘቻት?»

ለደሞዝ ሁለት ጊዜ የዞሩት ጣቶች ታዩት።

«አባዬ?»

«አግኝታዋለች» አላትና ዘጋው። ደጁ ላይ ብዙ ቆየ። ሲገባ ታንጉት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጭ ቀሚሷን አላወለቀችም።

«ሊድያ ናት?»

«አዎ።»

«ቁልፉን ነገረችህ?»

እግሯ ሥር ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ለምን እሱ ነው አልሽ?» አላት።

ታንጉት እጇን ዘርግታ ራሱን ፈለገች፤ አገኘችው።

«ቁልፉን ሳጣው እንደማታውቀው ገባኝ» አለችው። «ምን ላድርግ ታዲያ? አንተን አባ ፊት ላዋርድህ? ዣንጥላዬ እዚያው ነው። አንተ ባታውቀውም እመቤቴ ታውቀዋለች።»