የቀማሿ መንጋጋ

አፏ በሽቦ የታሰረ ሰው አይብ እንዴት ይቀምሳል? ሴትየዋ ከሆስፒታል ስትወጣ መፍታት የነበረባት ችግር ይህ ነው። ለሌላ ሰው ቀልድ ይመስላል፤ እሷ ግን ሙያዋ አይብ መቅመስ ነው። ሐኪሙ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርሷን በቀጭን ሽቦ አጣምሮ አስሮታል። በግራ በኩል ጥርሶቿ በወለቁበት ክፍተት ቱቦ ይገባል፤ ከዚያ በቀር ወደ አፏ የሚያልፍ ነገር የለም።

መንጋጋዋን የሰበረው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የሰበረበትም መዶሻ የሥራ ዕቃቸው ነበር። ነገሩ እንዲገባን መዶሻ አይብ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስቀድመን እንይ።

ደረቅ አይብ፣ ያ እንደ መኪና ጎማ ክብና ከባድ የሆነው፣ መደርደሪያ ላይ ወራት ሲከርም ውስጡ ምን እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ በትንሽ የእንጨት መዶሻ ያንኳኩታል። ጤነኛው እንደ ሞላ በርሜል ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ባዶ ሣጥን እንደመቱ ይጮኻል። ሰው አይብን እንደ በር አንኳኩቶ ‹ቤቶች› ማለቱ እንዴት ደስ የሚል ጥበብ ነው! ማንኳኳቱ የወንድሟ ሥራ ነበር። የእሷ ደግሞ በመሰርሰሪያ ከመሃሉ ቀጭን ናሙና አውጥቶ ማኘክ። አባታቸው ‹ጆሮ› እና ‹ምላስ› ይላቸው ነበር። ሲሳሳቱም በአጓት መቅጃው ይመታቸዋል፤ ጆሮን ጆሮው ላይ፣ ምላስን አፏ ላይ። ሁሉንም በየሙያው ነው የምቀጣው እያለ ይስቃል።

አባትየው ሲሞት ዱላው አልሞተም፤ ለጆሮ ተላለፈ። ወተት አምጪውን ውሃ ቀላቅለሃል ብሎ ፊቱን ትኩስ አጓት ውስጥ ነከረው። አንድ ሠራተኛ መጭመቂያውን አላልተሃል ተብሎ ጣቱን እዚያው መጭመቂያ ሥር አጣ። ሰፈሩ ‹እጁ ፈጣን ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው› ይል ነበር። እጁ የደረሰበት ሰው ብቻ እንዲህ አይልም።

የዚያን ቀን ጠዋት ወንድምና እህት አንድ አዲስ ደረቅ አይብ ተጋግዘው መደርደሪያ ላይ አወጡ። ቀጥሎ የሆቴል ገዢ መጣ። ጆሮ አንዱን የከረመ ክብ አንኳኳና ጤነኛ ነው፣ ውሰድ አለው። እሷ ሰርስራ አኘከች። መጀመሪያ ጣፈጣት፤ ወዲያው መረራት፤ መጨረሻ ላይ የረጠበ በረት ሸተታት። በገዢው ፊት ተፋችው።

«ይሄ ታሟል፣ ጋሼ» አለችው ወንድሟን።

«ዋጪው።»

«አይዋጥም።»

መዶሻው መጣ። መንጋጋዋ ሲሰበር የሰማችው ድምፅ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ነበር፤ የተሰነጠቀ አይብ ድምፅ። ወደቀች። እሱ ግን አላቆመም፤ አንዱን ጆሮዋ ሥር፣ አንዱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈው። ገዢው ከመደርደሪያው ጣውላ መዝዞ ወገቡን ባይለው ኖሮ ይገድላት ነበር። ጥርሶቿና ያ የታመመ አይብ ወለሉ ላይ በደም ተለውሰው ቀሩ።

ጆሮ እስር ቤት ገባ። አይብ ቤቱ አሁን የአክስታቸው ነው፤ እሳቸውም ነገር አያለባብሱም። ቤቱን ያቆመው ደረቁ አይብ መሆኑን፣ የሚፈትነው ሰው ከጠፋ ጆሮን ሲፈታ እንደሚመልሱት ነገሯት። እንግዲህ እሷ ደረቁን ማኘክ ካልቻለች መዶሻው ይመለሳል ማለት ነው። ስለዚህ ከታች ጀምራ በአይብ መሰላል ልትወጣ ተነሣች።

የመጀመሪያው ደረጃ ለብ ያለ አጓት በቱቦ ነበር፤ ለዘብ ያለ ጣፋጭ፣ ከድዷ ደም ጋር ሲቀላቀል ብረት ብረት የሚል። ሽቦው ሲቆረጥላት ወደሚቀባው ለስላሳ አይብ አለፈች። እሱ ጥርስ አይፈልግም፤ ምላስ ከላንቃ ጋር ሲያጣብቀው ቅባቱ አፍን ይሸፍናል፣ ጎምዛዛነቱ ዘግይቶ ይመጣል። ቀጥሎ በዕለቱ የረጋውን ለጋ አይብ ያዘች። ይህ የሚያስደንቅ ነገር አለው፤ ጥርስ ላይ ጢጥ ጢጥ ይላል። የረጋው ወተት መረብ ገና ጥብቅ ስለሆነ ጥርስን ይፍቀዋል፤ ሲያድር ይላላና ዝም ይላል። እሷ ግን እያንዳንዷን ጢጥታ በተሰበረው አጥንቷ ውስጥ ነበር የምትሰማት፤ በጉልበቷ ተንበርክካ ጨረሰችው።

በጨው ውሃ የሚቀመጠው ነጩ አይብ በቀላሉ ይፈረፈራል፤ ጨዉ ግን ያልጠገገ ቁስል ያገኛል። ሲያገኘው ግድግዳውን በቡጢ መታች። የደማውን እጇን ስታየው የአባቷን መሰላት። የሚለጠጠው አይብ ከሁሉም ከፋ፤ አይሰበርም፣ ይሳባል፣ የመንጋጋን ማጠፊያ ወደ ጎን ይጠመዝዛል። ሳህኑን አንሥታ በሩ ላይ ከሰከሰችው፤ በማግስቱ ሌላ ሳህን ይዛ ተቀመጠች። ለዳቦ የሚቆረጠው ቢጫ አይብ ጋ ስትደርስ ነው የሳቀችው። ጥርስ ሲገባበት መጀመሪያ እሺ ብሎ ይጎብጣል፣ ከዚያ ቆረጥ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ለውዝ ለውዝ ይላል። ስትስቅም አመማት።

ደረቁ ቀረ። ፈቅፍቆ መላስማ ይቻላል፤ ግን ያታልላል። ሲፈቀፈቅ ሽታው አየር ላይ ይበተናል፣ የመሃሉ ምሬት ይደበቃል። የግድ መታኘክ አለበት።

ይህን እያሰላሰለች ቢጫውን አይብ በሽቦ ስትቆርጥ አክስቷ ጆሮን አስከትለው ገቡ። ተፈቷል። እስር ቤት ያላስተማረው ሰው እንደሌለ፣ የአንድ እናት ልጆች እንደሆኑ፣ ገዢም ደጅ ላይ እየጠበቀ መሆኑን በአንድ ትንፋሽ አወሩላት። ጆሮ መዶሻውን ከሚስማሩ አወረደ።

«ምላስ፣ ዛሬም በቱቦ ነው የምትበዪው?» አለና አንዱን ክብ አንኳኳ።

ድምፁ መንጋጋዋ ውስጥ ገባ። እንደገና አንኳኳ። መቁረጫው በሁለቱም ጫፍ የእንጨት እጀታ ያለው ሽቦ ነው፤ መዶሻ በያዘው እጁ አንጓ ላይ ጠመጠመችና ሁለቱን እጀታ ሳበች። ሽቦው መጀመሪያ እንደ ለስላሳው አይብ ሰመጠ፤ ቀጥሎ እንደ ቢጫው አንገራገረ፤ ከዚያ እንደ ደረቁ እምቢ አለ። አጥንት ነው። ደሙ በመዶሻው እጀታ ላይ ወረደ።

«ልቀቀው» አለች።

«የእናትሽ ልጅ ነኝ እኮ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልቀቀው፣ ጋሼ።»

እጀታዎቹን ትንሽ ጨምራ ሳበች። መዶሻው ወደቀ። እሷም ሽቦውን ፈታችለት። አክስቷ የጆሮን አንጓ በአይብ ማጥለያ ጨርቅ ሲጠመጥሙ እሷ መዶሻውን ወተት ማሞቂያው ሥር ከሚነደው እሳት ጨመረችው።

«እንግዲህ መዶሻም የለን» አሉ አክስትየዋ ነበልባሉን እያዩ። «ሰውየው ደጅ ቆሟል። በምን ልትፈትኚለት ነው?»

መንጋጋዋ በተሰበረበት ቀን ጠዋት ከወንድሟ ጋር ያወጣችውን ክብ ከመደርደሪያው አወረደች። ሰረሰረች። የወጣው ናሙና እንደ ጧፍ ቀጭን ነው፤ በውስጡ ነጫጭ ፍሬዎች ያብለጨልጫሉ። በደንብ የከረመ አይብ እንዲህ ያሉ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሹ ፍሬዎች ያወጣል፤ ትልቁ ደስታም እነሱ ጋ ነው።

አሁን ናሙናውን በቀኝ በኩል ጥርሶቿ መሃል አድርጋዋለች። ጆሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የደማውን እጁን አቅፎ፣ የልማዱን፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያዳምጣል። ትጫናለች። ጉንጯ ላይ ላብ ይወርዳል። አፏ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ይላል፤ ጆሮም ቀና ይላል። ፍሬው ይሁን አጥንቷ፣ እሷም ገና አልለየችውም። እጇን መንጋጋዋ ሥር ደግፋ እንደገና ትነክሳለች።