ደጅ ሲወጡ የሚለቅ ራስ ምታት

ልብስ ሰፊው ሜትር ማውጣትን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። «ዓይኔ ሜትር ነው» ስለሚል ሰፈሩ «ዓይነ ሜትር» ብሎ አሾፈበት፤ እሱ ግን ሹመት መስሎት ደረቱን ነፍቶ ይኖራል። አንዱ እጅጌው ከሌላው ያጠረ ኮት መንገድ ላይ ከታየ የማን እጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ይህ ጀግና የሚፈራው ነፋስን ብቻ ነው። ብርድ ሲገባ የሱቁን መስኮት በካርቶን ይደፍናል፤ የበሩን ስንጥቅ በቁርጥራጭ ጨርቅ ይጠቀጥቃል። ከዚያ በዚያች ጠባብ ክፍል ምድጃውን አቀጣጥሎ በከሰል ካውያ ሱሪ ሲተኩስ ይውላል። ታናሽ እህቱ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣለች፤ ምድጃው ከእግሯ አጠገብ ነው። እሱ ወሬ ለመቃረም በየሰዓቱ ስለሚወጣ ምንም አይሰማውም።

«ጋሼ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው። ያጥወለውለኛል። መስኮቱን ልክፈተው?»

«ነፋስ ሊመታን? ከሰሉ እንደሆነ ጭሱ አልቆ ፍም ሆኗል። ምን ይሸትሻል? ምንም!»

ደጅ ወጥታ ትንሽ ስትቆም ይለቃታል። ሊቁ ወንድሟ ለዚህም ትርጉም አላጣም። «ሥራ ሲያይ የሚነሳ፣ ደጅ ሲያይ የሚድን በሽታ!» እያለ ደንበኛ ፊት ያሸማቅቃታል። አንድ ደንበኛ ሱሪ ሲሞክር «እኔንም አዞረኝ» ቢለው፣ ቁርስ ሳይበላ በመምጣቱ ገሠጸው።

አንድ ማክሰኞ ልትወጣ ሦስት ጊዜ ተነሳች፤ ሦስቴም «የሠርጉ ሱሪዎች ሳያልቁ ንቅንቅ የለም» ብሎ አስቀመጣት። እሱ ግን ጎረቤት ሱቅ ሄዶ ሲሳሳቅ ቆየ። ሲመለስ መኪናው ላይ ተደፍታ አገኛት። መጀመሪያ የመጣለት ቁጣ ነበር።

«ተነሺ! ተኝተሽ ነው?»

አልተነሳችም። ያኔ ጮኸ፤ ጎረቤቶች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ኦክስጅን ተደረገላት።

ሐኪሟ «ከዚህ በፊት ያማት ነበር? የሚብስባት የት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ሱቅ ውስጥ ነዋ! ደጅ ስትወጣማ ደህና ናት፣» አለ፤ የእህቱን ስንፍና ማስመስከሩ ነበር።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ከሰል ታነዳላችሁ? መስኮቱስ?»

መለሰላት፤ አሁን ድምፁ አንሷል።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይሸትም፣ አይታይም፤ ፍሙም ያወጣዋል። ደጅ የሚሻላት መርዙ በእርስዎ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ነው። እሷማ ስትነግርዎት ነበር።»

ወዲያው ከሰል ሻጯን ሊያማርር አፉን ከፈተ፤ የሚሰማው አላገኘም።

እህቱ ተረፈች። እጇ ግን ይንቀጠቀጣል። ምድጃው ከሱቁ ወጥቷል፤ መስኮቱም ብርድ ሆነ ሙቀት ክፍት ነው። ዓይነ ሜትር ራሱ የሰፋውን ጠማማ ኮት ደርቦ፣ በየጠዋቱ የእህቱ መኪና ላይ አጎንብሶ መርፌዋ ውስጥ ክር ያስገባላታል። ሁለቴ ሦስቴ ይስታል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ትለዋለች በየቀኑ፣ ከልቧ።

ብትሰድበው መልስ አያጣም ነበር።