መኪናዬን የጫረው ሰው

ጥቁር መኪና የሚገዛ ሰው ወይ ሹም ነው፣ ወይ ሙሽራ ነው፣ ወይ ደግሞ እንደ እኔ ምክር የማይሰማ ነው። ሻጩ ራሱ አዝኖልኝ፣ «ጋሼ፣ ነጯን ይውሰዱ፤ ጥቁር ገመና አይደብቅም» ብሎኝ ነበር። «አንተ ነህ ስለ ገመና እኔን የምታስተምረኝ?» አልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሌላው የሠራውን ጨርቅ ከሥሩ መብራት በሚበራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ የተዘለለች ክር ፈልጌ፣ ዙሪያዋን በጠመኔ መክበብ ነበር ሥራዬ። ሠራተኞቹ «አጉሊ መነጽር» ይሉኝ ነበር። እኔ አድናቆት መስሎኝ በኩራት ስንጠራራ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ አንድ ትልቅ አጉሊ መነጽር በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ሲሸልሙኝና አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ ነው ነገሩ የገባኝ።

ባለቤቴማ ከሁሉም ቀድማ ነው ያወቀችኝ። ገና ስንተዋወቅ፣ ሌላው ወንድ ስለ ዐይኗና ስለ ጥርሷ ሲያወራላት፣ እኔ ሆዬ «የቀሚስሽ ጠርዝ ተንሻፏል» አልኳት። ለምን እንዳገባችኝ እስከ ዛሬ ሁለታችንም አናውቅም።

መኪናዋን የገዛኋት ጡረታ በወጣሁ በወሩ ነው። ሰው የነዳት ናት፣ ሞተሯም ያስነጥሳታል፤ ቀለሟ ግን ወይ ቀለም! ኮፈኖው ላይ ጎንበስ ስል የአፍንጫዬ ፀጉር ሳይቀር ይታየኝ ነበር። በየማለዳው ከባለቤቴ ቀድሜ እነሳና የሌሊቱን አቧራ እጠርግላታለሁ። በምን? በአቡጀዴ ነዋ! ከፋብሪካ ያመጣሁት፣ ውሃ ያልነካው፣ ከነስታርቹ የሚንኮሻኮሽ አዲስ አቡጀዴ። ስለ ጨርቅ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ውሃ ዝገት ያመጣል ብዬ ጠብታ አላስነካትም። በደረቁ፣ ክብ ክብ እያደረግሁ፣ ከኮፈኖ እስከ ኋላ መብራት። ባለቤቴ በመስኮት እያየችኝ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጀርባዬን አንድ ቀን እንደዚያ አሽተህልኝ ታውቃለህ?» ትለኛለች። አልሰማም።

ግቢያችን ከወላጆቻችን የወረስነው ነው። ከፊት እኔና ባለቤቴ፣ ከኋላ ታናሽ ወንድሜ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር። ወንድሜ አናጺ ነው፤ ጣውላ ትከሻው ላይ አድርጎ በመኪናዬ ጎን በቀን አሥር ጊዜ ያልፋል። ረጅም ነው። እናታችን «ቁመቱን ለአንዱ፣ ምላሱን ለሌላው ሰጠሁ» ትል ነበር፤ ምላሱ የደረሰኝ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ወር ግድም፣ አንድ ጠዋት ፀሐይ ኮፈኖው ላይ ስታርፍ፣ በብርሃኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አየሁ። አሻሸሁት፤ አልጠፋም። ድር አይደለም፤ ጭረት ነው! ደሜ ፈላ። ሮጬ ገብቼ የፋብሪካ ጠመኔዬን አወጣሁና እያንዳንዱን ጭረት መክበብ ጀመርኩ። ስከብ፣ ስከብ፣ እስከ እኩለ ቀን መኪናዬ ጅግራ መሰለች። ጠመኔው ራሱ ይጭር እንደነበር የተነገረኝ ኋላ ነው።

ከዚያ ምርመራው ቀጠለ። እዚህ ግቢ ውስጥ ጣውላ ያለው ማን ነው? መኪና የሌለውስ ማን ነው? ምርመራዬ ከዚህ በላይ አልሄደም። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ግቢው መሐል ጠብቄ ያዝኩት። «ቅናት ነው!» አልኩ፣ ጎረቤት እንዲሰማ አድርጌ። «መኪና መግዛቴ አንገብግቦህ ነው! ሰው ሲተኛ እየወጣህ ነው የምትጭራት!» ሚስቱ በር ላይ ነበረች። ልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች አጠገቡ ቆማለች። ወንድሜ የተሸከመውን ጣውላ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ?» አለ።

«አንተ!» አልኩት።

በሳምንቱ የሥራ ጠረጴዛውን ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። የኋላዎቹ ክፍሎች ተቆለፉ። ጭረቱ ግን አልቆመም! «እየተመለሰ ነው የሚጭራት» አልኩ። ባለቤቴ፣ «ከከተማው ወዲያ ጫፍ? በእግሩ? መኪና ሊጭር?» አለችኝ። «ቅናት እግር ያበረታል» ብዬ መለስኩላት። እኔን ብሎ ፈላስፋ!

እውነቱን ልናገርና፣ ናፍቆኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት መላጊያው እንጨት ላይ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ ሲቀር፣ ግቢው የሰው ግቢ መምሰሉን ተወ። ብቻዬን ስሆን የኋላውን በር ሄጄ እነካው ነበር። ግን እኔ ቀድሜ ልደውል? እኔ? ይህን ከማደርግ ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ቢነቅሉኝ እመርጥ ነበር።

በመጨረሻ አክስታችን ደወለች። ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ስልክ ስታወራ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የምትጠራ ነው የሚመስላት። «እሁድ ሁለታችሁም እኔ ቤት ትመጣላችሁ! ሳትታረቁ ብሞት እንዳትቀብሩኝ!» ብላ ዘጋችው። እኔም ደስ አለኝ። መታረቁ አይደለም ደስ ያለኝ፤ ማስረጃ ይዤ ሄጄ ወንድሜን ጥፋቱን አሳምኜ፣ ከዚያ በትልቅነቴ ይቅር እለዋለሁ ብዬ ነው። መኪናዋም ብትሆን በዚያ ጊዜ ጥቁርነቷ ቀርቶ የምድጃ አመድ መስላ ነበር። እግረ መንገዴን አሳድሳታለሁ አልኩ።

የመኪና ቀለም የምታድስ «ሐኪሟ» የሚሏት ሴት አለች፤ ለእኔ ግን ያኔ የተነገረኝ ቦታው ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። ከጎማ ጠጋኞቹ ጀርባ፣ ወለሉ ውሃ የጠጣ፣ ባለ ትልቅ የብረት በር ክፍል ነው። በግድግዳው ላይ ስፖንጆች በየመጠናቸው ተሰቅለዋል። አንዲት ቱታ የለበሰች ሴት ባልዲ ታጥባለች።

«ባለሙያው የት ሄደ?» አልኳት።

«እያነጋገሩት ነው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ሁለት ነገር እፈልጋለሁ ልጄ። አንደኛ ቀለሙ ወደ ድሮው ይመለስልኝ። ሁለተኛ ወንድሜ በጣውላ እንደጫራት በጽሑፍ ስጪኝ። ከነማኅተሙ።»

«ማኅተም የለኝም» አለች። «መጀመሪያ እንጠባት።»

ውሃውን ከጣሪያው ጀምራ ለቀቀችባት፣ አቧራው በራሱ ጊዜ እስኪወርድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ አቀረበች፤ በአንዱ ሳሙና፣ በሌላው የምታሽበትን ጓንት ማለቅለቂያ ውሃ። አንዴ ካሸች ጓንቱን ታለቀልቃለች፣ እንደገና ታሻለች። ይቺ ልጅ ሕፃን ነው እንዴ የምታጥበው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። አድርቃ ስትጨርስ የብረቱን በር ዘግታ፣ ክፍሉን አጨልማ፣ ባትሪ አበራች።

አቤት ጉድ! ኮፈኖው ላይ ስንት ሺህ ክብ! ብርሃኑ ወደ ሄደበት ክቦቹ ይከተሉታል። በሮቹ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ፣ የትም። «አየሽ ጭካኔውን?» አልኳት። በርጩማ አምጥታ ወጣችና ጣሪያውን አየች። ቆየች። ከዚያ ወርዳ፣ «ጋሼ፣ ይውጡና ይዩ» አለችኝ።

ወጣሁ። የጣሪያው ዳርና ዳር እንደ ሌላው ሁሉ ተጭሯል። መሐሉ ግን፣ ከፊት እስከ ኋላ ክንድ በሚያህል ስፋት፣ አንዲት ጭረት የለበትም። የገዛኋት ቀን ያየሁት ጥቁር ነው።

«ወንድምዎ ረጅም ነው አጭር?»

«ረጅም ነው። ከእኔ በአንድ ራስ ይበልጣል።»

«በየቀኑ የሚጠርጋትስ ማነው?»

«እኔ ነኛ! በየማለዳው፣ በንጹሕ አቡጀዴ!» ኩራቴን ብታዩት!

ከበርጩማው አወረደችኝና ጨርቅ ሰጠችኝ። «እስቲ ሳይነኳት፣ ከላይ ከላይ፣ ጣሪያውን እንዴት እንደሚጠርጉ ያሳዩኝ።» እጄን ዘረጋሁ። ክብ ክብ እያለ ሄደ፣ ሄደ፣ ጭረቱ ያለቀበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። በእግሬ ጣት ቆምኩ። አልደረስኩም። በሌላው ጎን ዞሬ ሞከርኩ። እዚያም አልደረስኩም።

«ጣውላ ሲጭር ክብ አይሠራም ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «አቧራ ማለት የደቀቀ ድንጋይ ነው። ውሃ ሳያገኝ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሆነው። እርስዎ ሲያጸዷት ሳይሆን ሲልጓት ነው የኖሩት።»

ክው አልኩ። መላግ ስትል ጊዜ፣ ረስቼው የኖርኩት ነገር እንደ ጥፊ መጣብኝ። ገና በገዛኋት ሳምንት ወንድሜ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ በደረቁ አትሻት፤ አቧራው ይልጋታል» ብሎኝ ነበር። ምን ብዬ መለስኩለት? «አንተ እንጨትህን ላግ!» የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሥራ መብራት ላይ ስዘረጋ፣ የገዛ እጄን ሥራ አንድ ቀን በባትሪ አላየሁም። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ውሃ ሰጠችኝ።

ሁለት ቀን ፈጀባት፤ ሁለቱንም ቀን ከአጠገቧ አልተለየሁም። ቤት ሄጄ ለባለቤቴ ምን እላታለሁ? ሐኪሟ የጎማዎቹንና የመብራቶቹን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፈነች፤ ኮፈኖውንም መሐል ለመሐል በፕላስተር ከፈለችው። ከጥቁሩ ቀለም በላይ መስታወት የመሰለ፣ ከወረቀት የሳሳ ሽፋን አለ፤ ጭረቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። «ጭረት አይደፈንም» አለችኝ፣ ስፖንጁ ላይ ፖሊሽ ጠብ ጠብ እያደረገች። «ዙሪያው ያለው ሽፋን ነው እየሳሳ ጭረቱ ጋ የሚወርደው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማደስ አይቻልም። አንድ ቀን ሽፋኑ ያልቃል።» ማሽኑን ብረቱ እንዳይግል እያሳረፈች ቀስ ብላ ገፋችው። ፕላስተሩን ስታነሳ፣ በስተቀኝ አመድ፣ በስተግራ የጠራ ጥቁር። በጥቁሩ በኩል አንድ የተኮማተረ ሽማግሌ ሽቅብ ያየኛል።

ቅዳሜ ማታ ሰም ቀብታ ስትጨርስ፣ «ማስረጃውን ልጻፍልዎት?» አለችኝ። አልሳቀችም።

«ጻፊው» አልኳት።

እሁድ አክስታችን ቤት ስደርስ ወንድሜ ቀድሞ መጥቷል። ሸብቷል። ሚስቱ ከአክስታችን ጋር ሶፋው ላይ ናት፤ ልጅቷ ጓዳ ውስጥ ከአክስታችን የልጅ ልጆች ጋር ትጫወታለች። ሳልቀመጥ ወረቀቱን አወጣሁና አነበብኩት። «ጭረቱ በደረቅ ጨርቅ በተደጋጋሚ ከመታሸት የመጣ ነው። የጣሪያው መሐል አልተነካም። ጠራጊው ሰው ቁመቱ አጭር ነው።» አክስታችን ነገሩ ሲገባት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ቁመቱ አጭር ነው!» እያለች ጭኗን ትመታለች። የወንድሜም ሚስት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወንድሜ ግን አልሳቀም። «ይቅር በለኝ» አልኩት። «በድዬሃለሁ። ወደ ቤትህ ተመለስ።»

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ የወጣሁት ለስድቡ ብዬ አይደለም» አለ። «አንተ ስትሰድበኝ ነው ያደግኩት። ያን ቀን ማታ ልጄ ‹አባዬ፣ እውነት አንተ ነህ?› ብላ ጠየቀችኝ። አይደለሁም አልኳት። ‹አጎቴ እኮ ተሳስተው አያውቁም› አለችኝ።» ወደ ጓዳው ዞር ብሎ አየ። «ለኔ አትንገረኝ። ለእሷ ንገራት።»

ጠሯት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሷም እንደ አባቷ መርዘም ጀምራለች። በር ላይ ቆመች። ለስንት መቶ ሠራተኛ ጥፋቱን ስነግር ምላሴ ተይዞ የማያውቀው ሰውዬ፣ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«መኪናዋን የጫርኳት እኔ ነኝ» አልኳት። «በየቀኑ፣ በገዛ እጄ። አባትሽ ነክቷት አያውቅም።»

«ሳያውቁ ነው?»

«ሳላውቅ ነው።»

«ካላወቁ ታዲያ ለምን አባዬ ነው አሉ?»

እሷም መልሴን አልጠበቀችም፤ ወደ አባቷ ሄዳ የኮቱን እጅጌ ያዘችና፣ «አባዬ፣ እኔ እኮ አምኛቸው ነበር» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«አውቃለሁ» አላት ወንድሜ፣ ራሷን እየዳበሰ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቀ አብሯት ራት በልቷል።