ጭንብሉና አልባሶው

ጸጉሬን ስታጠብ ሳሙና ግራ ዐይኔ ውስጥ ገባ። ጨፈንኩትና ፎጣ ፈለግሁ፤ አጣሁት። ቀኝ ዐይኔ ክፍት ነበር፤ የሚያየው ግን ጭጋግ ብቻ ነበር። ፎጣው እፊቴ ተሰቅሏል።

የጎንደር ልጅ ነኝ፤ መቐለ ያመጣኝ ትዳር ነው። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከባለቤቴ እናት ከአደይ ለተብርሃን ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። የሒሳብ መምህርት ስለሆንኩ ነገሩን በጠመኔ ብናኝ አሳበብኩ። የራስ ምርመራው፣ ኤምአርአዩ፣ ሌላ አለ፦ ሜኒንጂዮማ፣ የአንጎል ሽፋን ላይ የሚበቅል ዕጢ። ካንሰር አይደለም፤ ግን የቀኝ ዐይኔን ነርቭ አንቆታል።

“በቀዶ ሕክምና ብንነካው ዐይኑን ልናጣው እንችላለን፤ ጨረር ይሻላል። ግን መቆየት የለብንም” አለኝ ሐኪሙ።

ለጨረሩ አዲስ አበባ ሄድኩ። በሞቀ ውኃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ፊቴ ላይ ዘርግተው፣ ሲደርቅ ቅርጼን የያዘ ጭንብል ሠሩልኝ። በሕክምናው ጊዜ ራሴ እንዳይነቃነቅ ከአልጋው ጋር የሚቆለፍ ነው። የሜዲካል ፊዚክስ ባለሙያዋ የጨረሩን መንገድ አስልታ እስክትጨርስ ቤቴ ሆኜ እንድጠብቅ ተነገረኝ።

መቐለ ስመለስ አሸንዳ ደርሷል። ሴቱ ሁሉ ለበዓሉ ጸጉሩን ተሠርቷል፤ የእኔ ተበትኗል።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ በአሸንዳ ራስሽ እንዲህ ሆኖ? ሰው ምን ይለናል!” አሉ አደይ።

ግቢው ውስጥ በጉልበታቸው መሐል አስቀምጠው፣ ለጋ ቅቤ እየቀቡ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ተራ በተራ እያሙልኝ ወፋፍራም የአልባሶ ሹሩባ ሠሩኝ። በሽታዬን የረሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እነዚያ ጉልበቶች ዛሬም ይናፍቁኛል።

ስሌቱ ሲያልቅ ከአደይ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። አልጋው ላይ ተኛሁ። ጭንብሉን አመጡ። አልገጠመም። ጫን አሉት። አልገጠመም። ክፍሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

“ራስዎን ሹሩባው ከፍ አድርጎታል” አለች ባለሙያዋ። “በዚህ ሁኔታ ጨረሩ የታሰበለትን ቦታ ይስታል። ወይ ጸጉሩ ይፈታ፣ ወይ ሁሉንም እንደ አዲስ እንጀምር።”

እንደ አዲስ መጀመር ማለት እንደ አዲስ መጠበቅ ነው። ዐይኔ ጊዜ አልነበረውም። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

አደይ ሲሰሙ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። “ዋይ አነ! በገዛ እጄ ልጄን ላሳውራት?”

“የለም እናቴ፤ ስለ ጸጉር መንገር የነበረብን እኛ ነን” አለቻቸውና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። አንዱን ጎን አደይ፣ ሌላውን ጎን እሷ ይፈቱ ጀመር። አደይ እያለቀሱ፣ በዚያው ላይ ደግሞ “ቀስ በይ፣ እንዳትነጪያት” እያሉ ይቆጧታል።

እንደገና ተኛሁ። ጭንብሉ ቀጭ አለ። ባለሙያዋ ምስል አንስታ ከዕቅዱ ጋር አስተያየች።

“ልክ ገብቷል” አለች።

ሕክምናው ሲያልቅ ድካሙ ቶሎ አልለቀቀኝም፤ ከጆሮ ግንዴ በላይ ያለው ጸጉሬም ረገፈ፤ ግን አደይ በየጠዋቱ ገላጣውን እየዞሩ ሲያበጥሩኝ፣ እኔም ግራ ዐይኔን በመዳፌ ሸፍኜ የግቢውን በር፣ ቀጥሎ የበሩን ቀለም፣ ውሎ አድሮ ደግሞ በሩ ላይ የሚሄደውን ጉንዳን መለየት ጀመርኩ። እንደ ድሮው ጥርት አላለም፤ ይበቃኛል።

ጭንብል የተሠራላችሁ ሁሉ፣ ጸጉራችሁን በነበረበት ተዉት። መሠራት፣ መቆረጥ ካማራችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስታችሁም ከሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ። ወንበር ስባ የተቀመጠችልኝን ባለሙያ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አሁን አደይ አርጅተዋል፤ ጣቶቻቸው አይታዘዙላቸውም። ዘንድሮ በአሸንዳ ዋዜማ በጉልበቴ መሐል አስቀምጬ የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ሽበታቸውን መሐል ለመሐል ስከፍል ግራ ዐይኔን ጨፈንኩ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ።