በመቁጠሪያ የቆጠርሁት ኳስ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በሬ ስሸጥ ጉድለቱን መደበቄን ሳይቀር ነግሬያለሁ፤ ይህን ግን ዘለልሁት። የልጆች ጨዋታ ነው፣ ኃጢአት አይባልም ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርሁ። አልሆነልኝም።

ልጄ ጌትነት ያን ጊዜ አሥር ዓመቱ ነበር። ደብረ ታቦር በሚማርበት ትምህርት ቤት እኔ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበርሁ። ትምህርቴ ቄስ ትምህርት ቤት ላይ ቢያበቃም ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ የእግር ኳስ ሕግንም ከአንድ ያረጀ መጽሐፍ ለብቻዬ አጥንቻለሁ። አዋቂ ነኝ እል ነበር። ሰውም ያምነኝ ነበር፤ በደሌን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

በዚያ ዓመት የመጣው ወጣት የስፖርት መምህር ሜዳውን በአመድ አስምሮ አራት ቦታ ከፈለው። በየክፋዩ የባሕር ዛፍ እንጨት ተክሎ ትንንሽ ጎል ሠራና ልጆቹን አራት ለአራት ያጫውታቸው ጀመር። በረኛ እንኳ የለም። እኛ አባቶች ዳር ቆመን ሳቅን።

«አራት ሰው የሚበቃው ለቃሬዛ ነው» አልሁት በሰው ፊት። «ኳስ አሥራ አንድ ነው። ሕግ አለው።»

መምህሩ አልተቆጣም። «ሕጉ ለትልልቅ ሰው የተጻፈ ነው፣ አባቴ። ልጆች አሥራ አንድ ሲሆኑ ጉልበተኞቹ ይጫወታሉ፣ ሌላው ቆሞ ያያል። ካላመኑኝ ጌትነት ስንት ጊዜ ኳስ እንደሚነካ ይቁጠሩ።»

ቆጠርሁ። ላሳፍረው ብዬ ቆጠርሁ። በማግስቱ ጸሎት የማደርስበትን መቁጠሪያ ይዤ ሄድሁና፣ ልጄ ኳስ በነካ ቁጥር አንድ አንድ ፍሬ አሳለፍሁ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ አርባ አንዱ ፍሬ ሞላ፤ እንደገና ጀመርሁ። ጌትነት ይቀማል፣ ይቀሙታል፣ ይወድቃል፣ እየሳቀ ይነሣል። ከዚያ በፊት እንዲያ ሲስቅ አይቼው ነበር? እንጃ።

በሳምንቱ እኔ ስለጠየቅሁ በሙሉው ሜዳ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ተጫወቱ። ያው ልጅ፣ ያው ክፍለ ጊዜ። ስድስት ፍሬ ብቻ አለፈ። ጌትነት ከሜዳው ጥግ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ቆሞ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ተሰበሰቡ። አንድ አባት «ቆጥረዋል አሉ፤ ምን አገኙ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ልዩነት የለውም» አልሁ።

ለምን አልሁ? በሰው ፊት አፌዤ ሰውን ካሳቅሁ በኋላ ተሳስቻለሁ ማለት ውርደት መሰለኝ። ልጆቼን ዋሻችሁ ብዬ የምገርፍ እኔ፣ በልጄ ላይ በሐሰት መሰከርሁ። ስብሰባው ቃሌን ይዞ ጨዋታው አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ እንዲሆን ወሰነ። የአመዱ መስመር ቀረ። መምህሩም በዓመቱ መጨረሻ ተዛውሮ ሄደ።

ከጎረቤት ከተማ ከገሳይ ልጆች ጋር ለሚደረገው ግጥሚያ ጌትነት አልተመረጠም። እቤት መጥቶ ሲያለቅስ «ኳስ አልወደደችህም፤ ተዋት» አልሁት። እሱም ተዋት። ከዚያ ወዲህ ሲጫወት አላየሁትም።

ዛሬ እሱም አባት ሆኗል። አምና በፋሲካ ልጁ ኳስ ይዛ መጥታ «አባዬ፣ ተነሥ እንጫወት» አለችው።

«እኔ ከልጅነቴም አልችልበት፣ እግሬ እንጨት ነው» አላት እየሳቀ። «አያትሽን ጠይቂያቸው።»

ዞራ አየችኝ። «እውነት ነው አባባ?»

«እውነት ነው» አልሁ።

በዚያ ቀን የማፍረው ጉባኤ አልነበረም። የምሟገተው መምህር አልነበረም። ታዲያ ምን አስዋሸኝ? የመጀመሪያውን በትዕቢት ሠራሁት እንበል፤ ሁለተኛውን በምን ሠራሁት? አላዋቂ ነበርሁ እንዳልል ቆጥሬ አውቄ ነበር። ለልጁ አስቤ ነው እንዳልል ያሰብሁት ለራሴ ነበር።

ይህን ወረቀት አንባቢ ከማየቱ በፊት ለጌትነት እሰጠዋለሁ። ይቅር ማለት ያለማለት የእሱ ነው፤ እኔ አለምነውም። ማወቅ ያለበትን ግን ልንገረው፦ ልጄ፣ ትችል ነበር። እኔ አይቻለሁ።