ያልታየው ጫፍ

ጥራት ተቆጣጣሪው አዲሱን የጠመንጃ አፈሙዝ ወደ መስኮቱ አዙሮ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

"ምን ይታይሃል?" አለው ፎርማኑ ከጀርባው።

"መስታወት ነው።"

"ገልብጠውና ጥይት በሚጎርስበት በኩል እየው።"

ገለበጠው። እስከ መሐል ድረስ ውስጡ እንደ ትል ገላ ቀለበት በቀለበት ነው፤ የደነዘዘ የብረት መቁረጫ ምላጭ ጥሎት የሄደ ጭረት። ከሥሩ የተመታው የጥራት ማኅተም የተቆጣጣሪው የራሱ ነው። ገዢው ጠመንጃዎቹን ሞክሮ፣ ዒላማ ይስታሉ ብሎ ጭነቱን በሙሉ መልሶታል።

ሠራተኛው ተቆጣጣሪውን "ጭልፊቱ" ይለዋል። ሌሎች በባትሪ ሲያበሩ እሱ የመስኮቱን ብረት ጥላ በአፈሙዙ ውስጥ አሳልፎ ያያል፤ ጥላው ቀጥ ብሎ ከሄደ ደህና፣ ከተሰባበረ ምላጩ ተንቀጥቅጧል ማለት ነው። "የሚያብረቀርቅ ነገር እኔን አይሸውደኝም፤ ሚስቴንም ያገባኋት ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ አይቼ ነው" እያለ ያስቃል። ሁሌም ከሁለቱም ጫፍ ያያል። የእህቱ ባል የሠራው ሲሆን ግን ሁለተኛውን ጫፍ ይተወዋል። ሥራ ያስገባው፣ ቶርኖ ማሽን ላይ ያቆመው፣ ምላጭ መሳል ያስተማረው ራሱ ጭልፊቱ ነው። "የሱን ሥራ ሁለቴ ማየት የገዛ እጄን መጠርጠር ነው" ይልና ከአፉ በኩል አየት አድርጎ ማኅተሙን ይመታል።

አፈሙዙን እንደያዘ ወደ ቶርኖው ሄደ። አማቹ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈገግ አለ።

"ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ ጠቆረ?"

"ምላጭህ ከደነዘዘ ቆየ?"

ፈገግታው ጠፋ። "ቀይሩልኝ ብል ማን ይሰማኛል? ቶሎ ካላወጣህ ውጣ ነው የሚሉት።"

"ለኔ አትነግረኝም?"

"ማኅተም አልመታም ይሉ ነበራ! አላውቅዎትም?"

"ስለዚህ ወለወልከው።"

"የማለስለሻ ዱቄት በዘይት ለውሼ።"

"ግማሹን ብቻ ለምን?"

አማቹ ጨርቁን አጣጠፈ። "ሌላውን እኮ አያዩትም፣ ጋሼ።"

ጭልፊቱ አፈሙዙን ገልብጦ ሻካራውን ጫፍ ዳግም አየ። ለካ ይህ ሰው በየቀኑ አጠገቡ ቆሞ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ሲለው፣ ዓይኑ የት ድረስ እንደሚደርስ እየለካ ኖሯል።

"ለፎርማኑ ምን ልበለው?"

"ዓይኔ ደከመ ይበሉት። በእርጅና ማን አፍሮ ያውቃል? እኔ ልጆች አሉብኝ። የእህትዎ ልጆች።"

"እህቴ ታውቃለች?"

"እሷ ናት ግማሹ ይበቃል ያለችኝ።"

ተመለሰ። ፎርማኑ እዚያው መስኮቱ ሥር ቆሟል።

"የማን እጅ ነው?"

"ማኅተሙ የኔ ነው።"

"እሱን አየሁት። የሠራው ማነው?"

"ዓይኔ ደህና ነው፤ እሱን ጻፍልኝ። ከአንድ ጫፍ ብቻ ስላየሁ ነው" አለና አፈሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፎርማኑ አንስቶ የምላጩን ጭረት ራሱ አየው።

ጭልፊቱን አሰናበቱት። በሳምንቱ የቶርኖዎቹ ምላጭ በሙሉ ተቀየረ።